ጣልቃ ልግባ፣ ልቃወም ወይስ አዲስ ክስ ልክፈት? የሌላ ሰው ክርክር መብትዎን ሲነካ

ሰፈር ውስጥ «ጣልቃ ገብ» መባል ስድብ ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ሳይጠራ የሚገባ፣ የማያገባው ሰው ማለት ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ግን ቃሉ ይገለበጣል። እዚያ ጣልቃ ገብ የሚባለው በትክክል የሚያገባው ሰው ነው። የሚያገባው መሆኑን ማሳየት ካልቻለ እንዲያውም አያስገቡትም።

ይህን የተማርኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በሯ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ማህተም አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ የከሳሽ ስም አለው፣ የባሏ ስም አለው። የእሷ ስም የለም። ባሏ ሳይነግራት ቤቱን ሸጧል፣ ገዢው ከሶ ተፈርዶለታል፣ አሁን «ቤቱን አስረክቡ» ይላል ወረቀቱ። ሰኞ ሮጣ ሄደች። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘቧን ተቀብሎ «ይግባኝ» ብሎ ጻፈላት። መዝገብ ቤት መለሰው። ተከራካሪ ያልነበረ ሰው በምን ይግባኝ ይላል? በዚህ መሀል ሦስት ሳምንት ሄደ።

ችግሩ የአክስቴ ብቻ አይደለም። የሌሎች ሰዎች ክርክር መብቱን ለሚነካበት ሰው ሕጉ ከአንድ በላይ በር አለው። በሮቹ ግን ይመሳሰላሉ፣ የፍርድ ቤት ሰዎችም ስማቸውን እያቀላቀሉ ይጠሯቸዋል። ከዚህ በታች የማወዳድረው በ1958ቱ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ነው፤ «ቁጥር» የምለውም የዚሁ ሕግ አንቀጽ ነው። የወንጀል ጉዳይ ሌላ ዓለም ነው፣ እዚህ አልነካውም።

መለኪያዎቹ

በመጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገቡ የት እንደደረሰ ነው። ክርክር ላይ ነው? ተፈርዷል? አፈጻጸም ላይ፣ ማለትም ፍርዱ በተግባር እየተፈጸመ ነው? ወይስ ተፈጽሞ አልቋል? ሰው ሁሉ «መብቴ ተነካ» ብሎ ይጀምራል። በሩን የሚወስነው ግን በአብዛኛው መብቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አክስቴን ሦስት ሳምንት ያስከፈላትም ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አለመጠየቁ ነው።

ቀጥሎ በእጅዎ ያለው መብት ነው ወይስ ቅሬታ? «ወንድሜ ስለሆነ ያሳስበኛል» መብት አይደለም። «ቤቱ ላይ የውርስ ድርሻ አለኝ» መብት ነው።

ከዚያ ገብተው የሚያገኙት ምንድን ነው? ቢሸነፉስ ምን ይታሰርብዎታል? ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጨረሻ ወጪና ጊዜ። የጠበቃ፣ የዳኝነት፣ የግልባጭና የምስክር መጓጓዣ ሁሉ ይቆጠራል።

ጣልቃ መግባት፤ ቁጥር 41

በሁለት ሰዎች መካከል በተጀመረ ክርክር ላይ ጥቅም ያለው ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ገብቶ መከራከር ይችላል። ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ይህ በር ተዘግቷል።

ለምሳሌ ሦስት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ይካሰሳሉ። እህታቸው አረብ አገር ናት፣ ማንም አልነገራትም። ጎረቤት ደውሎ ይነግራታል። ውክልና ልካ በ41 ብትገባ እንደማንኛውም ተከራካሪ ማስረጃ ታቀርባለች፣ ምስክር ታሰማለች፣ የሌላውን ምስክር ትጠይቃለች። ፍርዱ ቢከፋባትም ይግባኝ ማለት ትችላለች፤ ምክንያቱም አሁን ተከራካሪ ሆናለች።

ማመልከቻው ላይ የሚወድቁት ብዙ ናቸው። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ላሳይዎት። አንዱ «በጉዳዩ ላይ የማውቀው እውነት ስላለና ፍትሕ እንዳይዛባ ጣልቃ እንድገባ ይፈቀድልኝ» ይላል። ይህ ሰው የሚፈልገው ምስክርነት ነው። ዳኛው አንዱ ወገን በምስክርነት ይጥራህ ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው «ከሳሽና ተከሳሽ የሚከራከሩበት ቤት የአውራሻችን ሲሆን እኔም ወራሽነቴን ያረጋገጥኩበት የፍርድ ቤት ውሳኔ አለኝ፤ ድርሻዬ ሳይጠበቅ እንዳይወሰን ጣልቃ ልግባ» ይላል። መብቱን፣ የመጣበትን መንገድ፣ ማስረጃውንና የሚጠይቀውን ዳኝነት በአራት መስመር አስቀመጠ። የሚሠራው ይህኛው ነው።

አደጋውስ? አንዴ ከገቡ በኋላ ፍርዱ እርስዎንም ይይዛል። ተሸንፈው ሲያበቁ «ተከራካሪ አልነበርኩም» ማለት የለም። የሕጉ ቁጥር 5 በተመሳሳይ ወገኖች መካከል በፍርድ ያለቀን ጉዳይ ዳግም ማንሳት ይከለክላል። ማስረጃዎ ግማሽ ከሆነ ገብቶ መሸነፍ ውጭ ከመቆየት ሊብስ ይችላል። ያም ሆኖ ነገሩ ክርክር ላይ እያለ የሰማ ሰው ባብዛኛው መግባት አለበት እላለሁ። ቤቱ ሳይወሰድ መከራከር፣ ከተወሰደ በኋላ ለማስመለስ ከመሮጥ ይረክሳል፣ ይቀላልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕጉ እስከ ፍርድ ድረስ ቢልም ምስክር ሁሉ ተሰምቶ ለፍርድ ከተቀጠረ በኋላ የሚመጣ ጣልቃ ገብ በጥርጣሬ ይታያል። «ተከሳሹ መዝገቡን ለማጓተት የላከው ነው» ይባላል። ያን ያህል የዘገዩበት ምክንያት ካለ ማመልከቻው ላይ ቀድመው ይጻፉት።

ሦስተኛ ወገን ሆኖ መጠራት፤ ቁጥር 43

ይህ በር ከውጭ የሚንኳኳ አይደለም። ከውስጥ ተከሳሹ ከፍቶ ይጠራዎታል። ተከሳሹ የሚለው «እኔ ክፈል ከተባልኩ እሱ ይተካልኛል ወይም ድርሻውን ይከፍላል» ነው። ይህንንም በመከላከያ መልሱ ላይ ምክንያቱንና መጠኑን ዘርዝሮ ማቅረብ አለበት።

እዚህ ላይ ቃሉ ሰውን ያምታታል። መኪና ያለው ሁሉ «ሦስተኛ ወገን» ሲባል በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገዛው የመድን ሽፋን ይመጣበታል። እዚያ ሦስተኛ ወገን የሚባለው በመኪናው የተጎዳው ሰው ነው፤ ውሉን የተዋዋሉት ባለመኪናውና መድን ሰጪው ናቸውና። ተጎጂው ባለመኪናውን ሲከስ ደግሞ ባለመኪናው በ43 መድን ሰጪውን ያስጠራል። አሁን ሦስተኛ ወገን የሚባለው መድን ሰጪው ሆነ! በዚያ ላይ ችሎት ውስጥ በ43 የተጠራውንም «ጣልቃ ገብ» ብለው ይጽፉታል። ስለዚህ በመጥሪያው ላይ ያለውን ስም ሳይሆን የተጠቀሰውን ቁጥር ይመልከቱ። 41 ከሆነ ሰውዬው በራሱ ፈቃድ ነው የገባው፣ 43 ከሆነ ተከሳሽ ጎትቶ ነው ያስገባው።

ተከሳሽ ከሆኑ ይህ በር ሁለተኛ ክስ ያድንልዎታል። ግን «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ለማለት አይጠቀሙበት። ያ የመካስ ጥያቄ ሳይሆን «የተሳሳተ ሰው ተከሷል» የሚል ክርክር ነው። መጨመር ያለበትን እንዲጨምር፣ ያለ ቦታው የገባውን እንዲያወጣ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሚሰጠው ቁጥር 40 ነው። የተጠሩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ መጥሪያውን ኪስ ከትተው «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይሉ። መልስ ይስጡ።

ፍርድ መቃወም፤ ቁጥር 358

የአክስቴ በር ይህ ነበር።

ተፈርዷል፣ እርስዎ አልነበሩም፣ ፍርዱ ግን ይጎዳዎታል። ሕጉ የሚጠይቀው ብዙ ነገር ነው። አንደኛ፣ በክርክሩ መግባት የነበረብዎት ወይም መግባት የሚችሉ ሰው መሆን አለብዎት። ሁለተኛ፣ ፍርዱ መብትዎን የሚነካ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በራስዎም ሆነ በወኪልዎ ተከራክረው ከሆነ አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «እኔ ችሎት ቆሜ አላውቅም» ይላል፤ በሰጠው ውክልና ግን ወንድሙ ሲከራከር ከርሟል። አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። አቤቱታው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቅረብ አለበት።

የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ለራሱ ፍርድ ቤት ነው፣ ወደ ላይ አይኬድም። በቃለ መሐላ ይደገፋል። ፍርድ ቤቱ የቀድሞ ተከራካሪዎችን ጠርቶ ሰምቶ ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ሌሎቹ በሮች ንብረት ያስለቅቃሉ ወይም ቦታ ያስገኛሉ፣ ይህኛው ግን ፍርዱን ራሱን ይነካል። ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው ነው። መስኮቱ ግን ጠባብ ነው። ቁልፍ ተሰብሮ ቤቱ ከተረከበ አለቀ።

ስለዚህ አቤቱታ አስገባሁ ብለው ቤትዎ አይግቡ። በዚያው ቀን አፈጻጸሙ እንዲቆም የእግድ ጥያቄ በጽሑፍ ያያይዙ። እግዱ ሲሰጥ ትእዛዙን ራስዎ ይዘው አፈጻጸም ችሎት ያድርሱ። በመዝገብ ቤትና በመዝገብ ቤት መካከል ወረቀት በእግሩ አይሄድም።

አክስቴ የጋብቻ የምስክር ወረቀቷንና ቤቱ የተሠራበትን ዘመን የሚያሳዩ ደረሰኞች በአንድ ክላሰር ይዛ ሄደች። አዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበም ቢሆን በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ግን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አስተውሉ፤ የፍርዱ ሰዓት ሌላ፣ የውሉ ሰዓት ሌላ። ሁለቱም እየቆጠሩ ናቸው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ያላችሁ የእናንተን ተመልከቱ።

የተያዘ ንብረት ማስለቀቅ፤ ቁጥር 418

ይኼ ከፍርዱ ጋር ጠብ የለውም። «ፍርዳችሁ ይሁን፣ ነገር ግን የያዛችሁት የእኔን ዕቃ ነው» የሚል ነው።

የተለመደው ታሪክ የመኪና ነው። መኪና ገዝተዋል፣ ውል አለ፣ ገንዘቡ በባንክ ተከፍሏል፣ መኪናውን እየነዱ ነው። ሊብሬው ላይ ግን ስም አልዞረም። «በሚቀጥለው ወር እናዞራለን» እየተባለ ዓመት ሆነ። በዚህ መሀል የሻጩ አበዳሪ አስፈርዶ በሻጩ ስም ያለውን መኪና ያስይዛል። በሐራጅ ሊሸጥ ነው። በ358 ገብተው «ሻጩ ዕዳ የለበትም» ሊሉ አይችሉም፤ ስለ ዕዳው ምን ያውቃሉ? በ418 ግን መኪናው ሊያዝ አይገባም ማለት ይችላሉ።

ማሳየት ያለብዎት በተያዘበት ቀን በንብረቱ ላይ መብት የነበረዎት ወይም በእጅዎ የነበረ መሆኑን ነው። ቀኑ ወሳኝ ነው። ንብረቱ ከተያዘ በኋላ የተጻፈ ውል፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተደርጎ የተጻፈ የሚመስልም ጭምር፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። የባንክ ማስተላለፊያ፣ በስምዎ የተገዛ መድን፣ የጋራዥ ደረሰኝ ይሰብስቡ። ሊብሬው በሌላ ስም መሆኑ ደግሞ ከባድ ሸክም ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብለው አይሂዱ።

እዚህም መዘግየት ያስቀጣል። አውቆ ወይም ያለ በቂ ምክንያት የዘገየን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ አይመረምረውም። ጨረታው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው መምጣት የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ ዳኞችም ያውቁታል። ምርመራው አጭር ነው። ውሳኔው ያልተስማማዎት ከሆነ ግን መብትዎን ለማረጋገጥ የራስዎን ክስ መክፈት ይችላሉ።

አዲስ ክስ

ሁሉም በር ከተዘጋ ወይም የሚጠይቁት ነገር ከመዝገቡ ውጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካሳ፣ ይህ ይቀራል። ተከራካሪ ስላልነበሩ የቀድሞው ፍርድ በቁጥር 5 አይከለክልዎትም። ግን የዳኝነት ክፍያው በክሱ ግምት ልክ ይከፈላል፣ ከዜሮ ይጀመራል፣ እስኪያልቅ ንብረቱ ሌላ እጅ ሊገባ ይችላል። አንዳንድ ሰው «የራሴ ክስ ይሻለኛል፣ የራሴ መዝገብ ይኖረኛል» ይላል። እኔ ሌላ በር እያለ ይህን መምረጥ አይታየኝም። የተለየ ሁኔታ ካለ፣ ማስረጃው ውስብስብ ሆኖ በአጭር የአፈጻጸም ምርመራ የማይጠራ ጉዳይ ነው።

| መንገድ | መቼ | ማን ይጀምረዋል | የሚያስገኘው | ዋናው አደጋ | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጣልቃ መግባት (41) | ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት | መብት አለኝ የሚል ሰው | ሙሉ ተከራካሪነት፣ ይግባኝም ጭምር | ቢሸነፉ ፍርዱ ይይዝዎታል | መካከለኛ፤ ከክርክሩ ጋር ይጓዛል |
| ሦስተኛ ወገን (43) | ከመከላከያ መልስ ጋር | ተከሳሹ | ለተከሳሽ፦ ሁለተኛ ክስ ይቀራል | ለተጠራው፦ ዝም ካለ ሳይሰማ ይፈረድበታል | ለተከሳሽ ርካሽ |
| ፍርድ መቃወም (358) | ከፍርድ በኋላ፣ ከመፈጸሙ በፊት | ሊገባ ሲገባው ያልገባ ሰው | ፍርዱን ማሻሻል ወይም ማሰረዝ | እግድ ካልተገኘ አፈጻጸሙ ይቀድማል | መካከለኛ፤ ጥድፊያ አለው |
| ማስለቀቅ (418) | ንብረት ተይዞ፣ ሳይሸጥ | የንብረቱ ባለመብት ወይም ባለይዞታ | የተያዘው ንብረት ይለቀቃል | የዘገየ አይሰማም | ባብዛኛው አጭሩ |
| አዲስ ክስ | ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) እስኪያግድ | ማንኛውም ባለመብት | ሙሉ ክርክር ከመጀመሪያ | ንብረቱ ከእጅ ይወጣል | ውዱና ረጅሙ |

ለማን የትኛው?

ወሬውን ዛሬ የሰሙና ክርክሩ ያላለቀ ከሆነ 41። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካለዎት ገንዘቡን እዚህ ያውጡት፤ በኋላ ከሚያወጡት ያንሳል። ገንዘብ ከሌለዎት ማመልከቻው ላይ ብቻ ባለሙያ ያግዝዎት፣ ችሎቱን ራስዎ ይቁሙ። ማስረጃዎ ጥሩ ከሆነ ይቻላል።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ወረቀቱን ያንብብ። «አስረክቡ» ወይም «ክፈሉ» የሚል ፍርድ ራሱ ከጎዳው 358 ከእግድ ጋር። ፍርዱ አያገባኝም፣ ንብረቱ ግን የእኔ ነው ካለ 418። ሁለቱንም አምታቶ በአንድ ማመልከቻ መጻፍ መመለሻ ነው።

መክፈል ለማይችል ሰው «በደሃ ደንብ» ክስ መክፈት የሚባል ነገር በሕጉ አለ። አቅም እንደሌለው ካረጋገጠ ዳኝነቱን አስቀድሞ ሳይከፍል ይከሳል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ለሴቶች ነጻ ምክር ይሰጣል። አክስቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ለዚያ ማመልከቻ ጸሐፊ አትከፍልም ነበር።

ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ ያውጣው፣ የመዝገቡ ግልባጭ። ፍርዱ፣ የአፈጻጸም ትእዛዙና የንብረት ዝርዝሩ በእጁ ይግባ። ጠበቃው ቢሮ ባዶ እጅ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ታሪክ መናገር የሚያስከፍል ነው። ከጉዳዩ ጋር የሚመሳሰል የሰበር ውሳኔ ካለም ያፈላልግ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ይይዛል። በየቅጹ ታትመው ስለወጡ አንድ የሕግ ተማሪ ዘመድ ካላችሁ እሱን ማስቸገር ነው።

የአክስቴ አቤቱታ የገባው ለርክክብ የተቀጠረው ቀን አራት ቀን ሲቀረው ነው። እግዱ በሦስተኛው ቀን ወጣ። ትእዛዙን ራሷ ታክሲ ይዛ አፈጻጸም ችሎት አደረሰች፣ የተቀበላትንም ጸሐፊ በግልባጩ ላይ አስፈረመች።